የጎልፍ ሜዳን በእግር ለሚዞር ሰው፦ ስለ ጫማ የማውቀውን ላካፍላችሁ

ጎልፍ ስትጀምሩ ሁሉም ሰው የሚያወራችሁ ስለ ዱላ ነው። የትኛው ድራይቨር ይሻላል፣ የትኛው ኳስ ሩቅ ይሄዳል፣ የትኛው ጓንት አያንሸራትትም። ስለ ጫማ የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም። በጎልፍ መኪና ተቀምጣችሁ የምትዞሩ ከሆነ ምንም አይደለም። በእግራችሁ የምትዞሩ ከሆነ ግን ጫማው ከዱላው ይቀድማል። ዱላውን መትታችሁበት ወደ ቦርሳው ትመልሱታላችሁ። ጫማው ግን ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ መጨረሻው እግራችሁ ላይ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ መንዳት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ሐኪሜ የደም ግፊቴን አይቶ "በእግርህ ሂድ" ሲለኝ ሰፈር መዞሩ አልሆንልኝ አለ። ቶሎ ይሰለቸኛል። ጎልፍ ግን ሆነልኝ። ኳሷን ተከትዬ ስሄድ መራመዴን ራሱ እረሳዋለሁ። ስለዚህ መኪናዋን አልከራይም። ቦርሳዬን የሚገፋ ጋሪ ላይ አስሬ በእግሬ እሄዳለሁ። እግሬ ሰፊ ነው። ተረከዜንም ጠዋት ጠዋት ያመኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ እግር ተሞክሮ ነው። የእናንተ እግር ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አመራረጡ ግን ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንወቅ። 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ በወረቀት ላይ ሲለካ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በእግር ሲኬድ ግን እንደዚያ አይደለም። ኳስ ሁልጊዜ ቀጥ ብላ አትሄድም። ከአንዱ ጉድጓድ ወደሚቀጥለው መነሻ መሄድ አለ። የጠፋ ኳስ ፍለጋ አለ። ሲደማመር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እስቲ አንድ ዙር 12,000 እርምጃ ነው እንበል። ግማሹ የቀኝ፣ ግማሹ የግራ ነው። እያንዳንዱ እግር 6,000 ጊዜ ከመሬት ይነሳል ማለት ነው። አሁን ሁለት ጫማ አወዳድሩ። አንደኛው ከሌላው በ100 ግራም ብቻ ይከብዳል። ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ስትይዙት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቃችሁም። ሜዳ ላይ ግን እያንዳንዱ እግራችሁ በአንድ ዙር በድምሩ 600 ኪሎ ትርፍ ያነሳል። ስድስት ኩንታል ነው! አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ላይ እግር የሚጎተትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እግር ሲጎተት ደግሞ ምቱም አብሮ ይበላሻል፤ ሰውነት ሲደክም ወገብ በደንብ አይዞርም።

ስለዚህ ጫማ ከመግዛቴ በፊት ክብደቱን አጣራለሁ። አምራቾቹ ብዙ ጊዜ ክብደቱን ይጽፉታል። የሚጽፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ እግሩን ነው፤ ያውም በአሜሪካ ልክ 9 ቁጥር የሆነውን የወንድ ጫማ መዝነው። እግራችሁ ከዚያ ከበለጠ የእናንተው ጫማ ከተጻፈው ይከብዳል። እኔ ጫማውን ቤት ሳመጣ አንዱን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ገርሟት ነበር፤ አሁን ፌስታል አንጥፋ ራሷ ትመዝንልኛለች። የጎልፍ ጫማ በጥቅሉ ከ300 እስከ 500 ግራም ባለው መሃል ይገኛል። ለሚራመድ ሰው የእኔ ወሰን 400 ግራም ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በጣም የሚያሳምን ሌላ ምክንያት ያስፈልገኛል።

ግን እዚህ ላይ ቆሞ "በጣም ቀላሉን ግዛ" የሚል ምክር አልሰጥም። ክብደቱን ለመቀነስ ሲባል የሚጎዳ ነገር አለ። ሶሉን በጣም ያሳሱታል። ሣር ላይ አይታወቅም። የመኪናዋ መንገድ አስፋልት ላይ ስትወጡ፣ ወይም የደረቀና የጠጠረ መሬት ላይ ስትሄዱ ግን እያንዳንዷ ጠጠር ለውስጥ እግራችሁ ትታወቃለች። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ክብደቱ ሳይጨምር እንዲመች ብለው ወፍራም ለስላሳ ፎም ያደርጉበታል። ሱቅ ውስጥ ስትረግጡት ደስ ይላል። ተዳፋት ላይ ቆማችሁ ስትመቱ ግን ፎሙ ወደ አንድ ጎን ይጎብጥና እግራችሁ አብሮት ይዘማል።

ብዙ ሰው "የሩጫ ጫማ ለምን አይሆንም?" ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመራመድ ብቻ ከሆነ ይሆናል። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ነው። ጎልፍ ስትመቱ ግን ክብደታችሁ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በጎን ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ኳሷ ወደምትሄድበት በኩል ባለው እግር የውጪ ጠርዝ ላይ ትቆማላችሁ። የሩጫ ጫማ እዚያ ጋ የሚይዝ ነገር የለውም። እርጥብ ሣር ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። ጀማሪ ከሆናችሁና ገና ልምምድ ቦታ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ባላችሁ ስኒከር ጀምሩ። ሜዳውን መዞር ስትጀምሩ ግን የጎልፍ ጫማ ግዙ።

ሱቅ ውስጥ የማደርገው ሙከራ ቀላል ነው። ጫማውን በአንድ እጄ ጫፉን፣ በሌላው ተረከዙን ይዤ አጥፈዋለሁ። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ መታጠፍ አለበት። መሃሉ ላይ ከታጠፈ አልገዛውም፤ ውስጥ እግሬን ደግፎ አይይዝልኝም። ከዚያ እንደ ፎጣ ልጠመዝዘው እሞክራለሁ። ትንሽ መጠምዘዝ አለበት፣ ሙሉ በሙሉ እሺ ካለ ግን ምት ላይ አይረዳም። በመጨረሻ የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ጠንከር ብሎ መመለስ አለበት። ተረከዝን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለእኔ ከክብደትም የሚበልጠው ወርድ ነው።

ዋሽንግተን ያለው ኢስት ፖቶማክ የሚባል የጎልፍ ሜዳ ላይ የማገኛቸው አንድ አባት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ዛሬም 18ቱን በእግራቸው ይጨርሳሉ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አይደክምዎትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ ጫማቸው አመለከቱኝ። "ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ወርዱንስ ማን ጠየቀ? ጠባብ ጫማ ላባ ቢሆን እንኳ ይከብድሃል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጫማ ከቁጥሩ ሌላ የወርድ ፊደል አለው። ለወንድ መደበኛው ዲ ነው። ሰፊው 2ኢ፣ በጣም ሰፊው 4ኢ ይባላል። ለሴት መደበኛው ቢ ሲሆን ሰፊው ዲ ነው። ሁሉም አምራች በሁሉም ወርድ አይሠራም። ፉትጆይ እና ኒው ባላንስ በተለያየ ወርድ ከሚሠሩት ውስጥ ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ እግራችን ሰፊ ሲሆን አንድ ቁጥር ከፍ እናደርጋለን። ጎኑ ይላላል፤ ርዝመቱ ግን ይተርፋል። ያኔ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታና እግራችን የሚታጠፍበት ቦታ አይገጥሙም። ተረከዝ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ነው እግር የሚልጠው፣ ውሃ የሚያስቋጥረው። 6,000 ጊዜ የሚፈገፈግ ተረከዝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ እግራችሁን ያቺ የብረት መለኪያ ላይ አስለኩ። ብራኖክ ትባላለች። የምትለካው ርዝመትን ብቻ አይደለም። ወርዱንም፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ያለውንም ርቀት ትለካለች። ቆማችሁ አስለኩ፤ ተቀምጣችሁ አይሁን። ሁለቱንም እግር አስለኩ፤ የብዙ ሰው እግር እኩል አይደለም። የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። የምትሄዱበትም ሰዓት ለውጥ አለው። ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ቀኑን ሙሉ እያበጠ ይመጣል፤ ሜዳ ላይም እንደዚያው ነው። ሜዳ ላይ የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ።

ቤት ውስጥ በመስመር ላይ ካዘዛችሁ ደግሞ የምወደው መንገድ ይኸውላችሁ። የውስጡን ንጣፍ አውጡትና ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ላዩ ላይ በካልሲ ቁሙ። እግራችሁ በጎን ከንጣፉ ፈሶ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር መልሱት። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይቅር። ቁልቁለት ስትወርዱ እግር ወደ ፊት ይሄዳል። ቦታ ከሌለ የጣት ጥፍር ይጠቁራል።

ዝነኛውን የጎልፍ ተጫዋች ታይገር ውድስን ታስታውሱ ይሆናል። በየካቲት 2021 ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት ቀኝ እግሩ ተሰባበረ። በኤፕሪል 2022 ማስተርስ ወደሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ሲመለስ እግሩ ላይ የታየው የናይኪ ጫማ አልነበረም። ያኔ ለዓመታት የናይኪ ሰው ነበር። ያደረገው ግን ፉትጆይ ነበር። ሲጠየቅ፣ የእግሩ እንቅስቃሴ ስለተገደበ ይበልጥ የሚያረጋጋው ጫማ እንዳስፈለገው ተናገረ። መምታቱ ሳይሆን መራመዱ እንደሚከብደውም አልደበቀም። ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ሜዳ ነው፤ አራት ቀን መዞር ቀላል አይደለም። ያን ያህል ዝና ያለው ሰው ለእግሩ ሲል የለመደውን ከተወ፣ እኛ ለስም ብለን እግራችንን የምንጨፈልቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ሶሉ ደግሞ። ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት ታኬታ ያለው ልጅ ንጉሥ ነበር። የጎልፍም ጫማ ታኬታ አለው። ድሮ ብረት ነበር። የብረቱ ታኬታ መሬት በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ግሪኑን፣ ጉድጓዱ ያለበትን በጣም አጥሮ የተቆረጠ ሣር፣ ይበሳሳዋል፣ ያበላሸዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፕላስቲክ ተተካ። ዛሬ አብዛኛው ሜዳ ብረት ይከለክላል። ፕላስቲኩ በመፍቻ ተፈትቶ ይቀየራል።

ሌላው ዓይነት ታኬታ የሌለው ነው። ሶሉ ራሱ ትንንሽ የጎማ እብጠቶች አሉት። ይህ ጫማ በሰፊው የታወቀው በ2010 ነው። ፍሬድ ካፕልስ የተባለው ተጫዋች ማስተርስ ላይ ስኒከር የሚመስል፣ ኤኮ የተባለ አምራች ጫማ ያለ ካልሲ አድርጎ ወጣ። የመጀመሪያውን ቀን በ66 ምት ጨርሶ መራ። ውድድሩን ስድስተኛ ሆኖ አጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ሁሉ በዚህ ዓይነት ጫማ ተሞላ።

ለሚራመድ ሰው የእኔ ምርጫ ታኬታ የሌለው ነው። የታኬታው መያዣ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል። ጫናውም ከእግር በታች እኩል ይከፋፈላል። ሶሉ ቀጭን በሆነ ባለ ታኬታ ጫማ ረጅም መንገድ ስሄድ እያንዳንዱ ታኬታ ያለበት ቦታ ለውስጥ እግሬ ይታወቀኛል። ታኬታ የሌለውን ከቤት አድርጌው እወጣለሁ፤ መኪና እነዳበታለሁ፤ ሜዳ ደርሼ ጫማ መቀየር የለም። ነገር ግን ሜዳችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ወይም በጠዋት እርጥብ ሣር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ወይም በኃይል የምትመቱ ከሆነ ባለ ታኬታውን ግዙ። መንሸራተት ጉልበትና ወገብ ይጎዳል። በመኸር ወቅት ቅጠል ሲረግፍ እኔም ወደ ባለ ታኬታው እመለሳለሁ። እርጥብ ቅጠል በጣም ያዳልጣል።

ባለ ታኬታ ከገዛችሁ ታኬታውን በየጊዜው እዩት። አስፋልት ላይ የሚሄድ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ጥርሶቹ ካለቁ ቀይሩት። መጀመሪያ ግን የጫማችሁ መያዣ የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበል አጣሩ፤ ሁሉም አንድ አይደለም። ታኬታ በሌለው ጫማ ላይ ደግሞ ሣርና ጭቃ በእብጠቶቹ መሃል ይሞላል። ያኔ ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ቲ፣ ኳሷን የምታስቀምጡባትን ትንሽ ችካል፣ ይዛችሁ መሄዳችሁ አይቀርም፤ በእሷው ጫፍ ጠራርጉት።

ውሃ ስለማያስገባ ጫማ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ለሚራመድ ሰው ይመቻል። ከዋሽንግተን ሐውልት ብዙ አይርቅም፤ በፖቶማክ ወንዝና በዋሽንግተን ቻናል መካከል ነው። መሬቱ ግን ከወንዙ በተዛቀ ደለል የተሞላ ስለሆነ ዝቅ ያለ ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ውሃው ቶሎ አይሄድለትም። በጠዋት ደግሞ ጤዛ አለ። ከመረብ ጨርቅ የተሠራ ቀላል ጫማ ካደረጋችሁ ሦስተኛው ጉድጓድ ሳትደርሱ ካልሲያችሁ ይጨመቃል። እርጥብ እግር ቶሎ ይላጣል።

እና ውሃ የማያስገባው ይሻላል ማለት ነው? በማርች፣ በኤፕሪል፣ በጠዋት፣ አዎ። በጁላይ ከሰዓት ግን አይደለም። የዋሽንግተን ሐምሌ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ወበቁ ደግሞ ይብሳል። ውሃ የሚከለክለው ስስ ሽፋን፣ ጎርቴክስን የመሰለው፣ የላብ ትነት ያስወጣል ይባላል። ያስወጣልም። እንደዚህ ባለ ወበቅ ግን አይደርስለትም፤ እግር በራሱ ላብ ይርሳል። አንዴ በአንገቱ በኩል ውሃ ከገባበት ደግሞ ውሃው መውጫ የለውም። የመረብ ጨርቁ ቶሎ ይረጥባል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሽፋኑ ክብደትም ይጨምራል።

አቅሙ ካለ ሁለት ጫማ መያዝ ነው። ለበጋ ሙቀት ቀላል መረብ ጨርቅ፤ ለጸደይና ለመኸር ውሃ የማያስገባ። ሁለት ሲሆኑ እየተፈራረቁ ስለሚያርፉ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የምትጫወቱበትን ሰዓት አስቡ። ሥራ ከመግባታችሁ በፊት በማለዳ የምትወጡ ከሆነ ጤዛው አይለቃችሁም፤ ውሃ የማያስገባውን ግዙ። ከሥራ በኋላ አመሻሹ ላይ ከሆነ መረቡ ይበቃችኋል። ዋስትናውንም አንብቡ። ብዙዎቹ ውሃ አያስገባም ብለው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰው ቆዳ ጫማ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። የተፈጥሮ ቆዳ ከእግር ጋር እየተላመደ ይሄዳል፣ ከረጅም ጊዜ በኋላም ቅርጹን ይይዛል። ግን ብዙ ጊዜ ከባዱ እሱ ነው። ቆዳ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ዛሬ በጣም ተሻሽሏል፤ ይቀላል፣ በእርጥብ ጨርቅም ይወለወላል። በእግሩ የሚዞር ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አይጎዳም።

ካልሲ ከጫማው እኩል ነው። ጥጥ ካልሲ አታድርጉ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ አይለቅም። ሜሪኖ ሱፍ ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበት ይሻላል። በቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ካልሲ አለ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ እቀይራለሁ። አዲስ እግር ያገኛችሁ ነው የሚመስላችሁ! ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትሞክሩ እንደሆነ ይህችን ሞክሩ፤ ብዙ ወጪ የለባትም።

ተረከዝ ከፍ ዝቅ የሚልባችሁ ከሆነ ጫማ ከመቀየራችሁ በፊት አስተሳሰሩን ሞክሩ። የጫማው ክር የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ብዙ ሰው የላይኛዋን ትቷት ያስራል። ክሩን በዚያው በኩል፣ ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይኛው አስገቡትና ትንሽ ቀለበት ፍጠሩ። በሁለቱም በኩል እንደዚያ አድርጉ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፉና ሳቡ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ይጠብቃል፣ ጣቶቹ ጋ ግን አይጨንቅም። ሯጮች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ቦኣ የሚባለው በክር ፋንታ ቀጭን ሽቦ በመዘውር የሚያጠብቀውም ጥሩ ነው። በዙሩ መሃል እግር ሲያብጥ ቆም ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ማላላት ይቻላል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ተረከዛችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ የመጀመሪያው እርምጃ የሚወጋችሁ ከሆነ፣ የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ጫማ ግዙ። ተጣብቆ የተሠራ አለ፤ እሱን ተዉት። ሐኪም ያዘዘላችሁን ወይም የገዛችሁትን ንጣፍ ስታስገቡ ዋናውን አውጡት። ሁለቱን ደርባችሁ ካስገባችሁ ተረከዝ ከፍ ይልና ከጫማው አንገት ይወጣል፤ ጣቶችም ይጨናነቃሉ። እኔ ለተረከዜ የውስጥ እግር ቅስትን የሚደግፍ ንጣፍ ነው የማደርገው። ለውጡን ያየሁት ሜዳ ላይ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ ካልተሻላችሁ ግን ጫማ መድኃኒት አይደለም፤ ለሐኪም አሳዩ።

ስኳር ላለባችሁ ደግሞ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ መራመድም ይጠቅመዋል። ስኳር ግን ከጊዜ በኋላ የእግርን ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ጫማው ሲልጣችሁ ላይታወቃችሁ ይችላል። ስለዚህ "ተመቸኝ" በሚለው ስሜት ብቻ አትምረጡ፤ አስለክታችሁ ግዙ። ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን ከተቱበትና ጠጠር ወይም የተነሳ ስፌት እንደሌለ ዳስሱ። ቤት ስትገቡ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፣ ወይም ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ። ቁስል ካያችሁ አታሳድሩት። ይህንን ከጎልፉ በላይ አደራ እላለሁ።

እህቶችም እየበዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። የሴቶቹ ጫማ የሚሠራበት ቅርጽ ተረከዙ ጠበብ ይላል። እግሯ ሰፋ ያለ እህት "የሴቶቹ ሁሉ ያጠበኛል" ካለች፣ ከሴቶቹ ዲ ወርድን ትጠይቅ፤ ካጣች የወንድ ጫማ በትንሽ ቁጥር ትሞክር። የወንድ ዲ ከሴት ቢ ሰፊ ነው። በአሜሪካ ቁጥር የሴቱ ከወንዱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ከፍ ይላል፤ 8 የምታደርግ ሴት የወንድ 6.5 ወይም 7 ትሞክር ማለት ነው። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ላንግስተን የሚባል ሜዳ አለ። በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች በብዙ ሜዳ በማይፈቀድላቸው ዘመን ነው። እንዲሠራ ከታገሉት ውስጥ በ1937 ዌክ ሮቢን የተባለ ክለብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እዚያ ሜዳ ላይ በእግሬ ስሄድ እነሱን አስባለሁ፤ ታሪኩን ለማያውቅ ሐበሻም ሁልጊዜ እነግራለሁ።

አዲስ ጫማ ስትገዙ በቀጥታ 18 ጉድጓድ አትውጡበት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ አድርጉት፤ እየሠራችሁ፣ ቡና እያፈላችሁ። ብዙ ሱቅ ውጪ ካልተረገጠ ይመልሳል፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ከዚያ አጭር ሜዳ ይዛችሁት ውጡ። እኔ ሰፈሬ ያለው ስላይጎ ክሪክ 9 ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ አዲስ ጫማ የምሞክረው እዚያ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ሞቅ ሞቅ ካላችሁ ወዲያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ።

እርጥብ ጫማ ማሞቂያ ላይ ወይም ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላዋል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ንጣፉን አውጡ፣ ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበት፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት።

ፎም ጊዜ ያልፍበታል። ላዩ አዲስ እየመሰለ ውስጡ ይሞታል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ወይም ከዙር በኋላ ድሮ የማያማችሁ ጉልበት ማመም ከጀመረ ጊዜው አልፏል።

ስለ ዋጋ ልጨርስ። ደህና ጫማ ከ80 እስከ 200 ዶላር ባለው መሃል ይገኛል። ስኬቸርስ፣ አዲዳስ፣ ፑማ፣ ፉትጆይ፣ ኤኮ ሁሉም ለሚራመድ ሰው የሚሆን ቀላል ጫማ አላቸው። የአንዱ 9 ቁጥር ከሌላው 9 ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በስም ሳይሆን በእግር ለኩ። ውድ መሆኑ ለእናንተ እግር ይስማማል ማለት አይደለም። ወርዳችሁን ካወቃችሁ በኋላ መቸኮል አያስፈልግም። አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ቀለሙና ትንሽ ነገር ነው። በተለይ ከኦክቶበር በኋላ፣ ሰው ዱላውን ማስቀመጥ ሲጀምር፣ ሱቆች ያራግፋሉ። ያን ጊዜ ቁጥራችሁንና ወርዳችሁን በስልካችሁ ጽፋችሁ ሂዱ።